ክርክር፦ ሰው ሊበላው የሚችል ዓሣ ለእርባታ መኖ መዋሉ ይከልከል?

አወያይ፦ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኙ ዓሦችና ሌሎች የውኃ እንስሳት 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሰው ከሚጠመዱት ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠዋል። በዚያው ዓመት ግን 17 ሚሊዮን ቶን ያህል ዓሣ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ለመሥራት ውሏል፤ የዱቄቱም አብዛኛው ተመልሶ ለእርባታ መኖ ይሆናል። ይህ በሕግ ይከልከል?

ማዕበል፦ ይከልከል! የምዕራብ አፍሪካን ዳርቻ ተመልከቱ። ሰርዲኔላ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በሴኔጋልና በጋምቢያ የድሃው የዘወትር ምግብ ነው። ከሞሪታኒያ እስከ ጋምቢያ የተተከሉ የዱቄት ፋብሪካዎች ግን ያንኑ ዓሣ ይሻማሉ። በጭስ አድርቀው ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያቀርቡት ሴቶች በዋጋ ተበልጠው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ዱቄቱ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን አገር ሳልመን የተባለ የእርባታ ዓሣ ያደልባል። ይህን «ዓለምን መመገብ» ብሎ መጥራት ያስቆጣኛል።

ጎህ፦ ቁጣህ ይገባኛል፤ መፍትሔህ ግን አይገባኝም። እርባታ ማለት ሳልመን ብቻ አይደለም። በብዛት ከሚረቡት መካከል ያሉት ካርፕና ቲላፒያ ዋና መኖአቸው ከእህልና ከአኩሪ አተር ሊሆን ይችላል። ኦይስተርን የመሳሰሉ ባለ ዛጎሎች ደግሞ ውኃ እያጣሩ ስለሚመገቡ መኖ የሚባል ነገር አይሰጣቸውም። ዱቄቱም ቢሆን ከፊሉ የሚሠራው ከጭንቅላት፣ ከአጥንትና ከሆድ ዕቃ ነው። ፔሩንም አትርሳ። ለዱቄት የሚውለውን አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ የምታጠምደው በኮታ ነው፤ በ2023 ያልደረሰ ዓሣ በዝቶ ስለተገኘ በሰሜንና በመካከለኛው ባሕሯ የመጀመሪያውን የማጥመጃ ወቅት ሰርዛለች። እንዲህ ያለውን አገር ከሌላው ጋር ደባልቀህ ትቀጣለህ?

ማዕበል፦ ፔሩ ወቅቱን መሰረዝ የቻለችው የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ስላላት ነው። እኔ የምናገረው መርከቡን የሚቆጥር ሰው ስለሌለበት ባሕር ነው። አንቾቬታም ቢሆን ይበላል እኮ።

ሰሌን፦ ሁለታችሁም መንግሥታት ለዓሣ አጥማጅ መርከቦች የሚሰጡትን ድጎማ ዘነጋችሁት። ከመጠን በላይ የተጠመደው የባሕር ዓሣ ክምችት በ1974 ከመቶ 10 ገደማ ነበር፤ በ2021 ከመቶ 37.7 ደርሷል። የሚጠመደው መጠን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 90 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ቆሞ ሳለ፣ የአንድ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ በ1961 ከነበረበት 9.1 ኪሎ ግራም በ2022 ወደ 20.7 አድጓል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሸፈነው እርባታ ነው። ባሕሩን የሚያራቁተው በድጎማ በረከሰ ነዳጅ ሩቅ ሄዶ የሚያጠምድ መርከብ ነው። የዓለም የንግድ ድርጅት በ2022 የተስማማበት ውል በሕገ ወጥ መንገድ ለሚያጠምዱና የተመናመነ ክምችት ለሚያሳድዱ የሚሰጠውን ድጎማ ይከለክላል፤ የመርከቦችን ብዛት የሚያበረታታው ድጎማ ግን ገና በድርድር ላይ ነው። እዚያ ላይ እንበርታ።

ጎህ፦ ከዚህ ጋር እስማማለሁ። በዚያ ላይ፣ ክምችቱ የተመናመነና ሕዝቡ የሚበላው ዓሣ ለዱቄት እንዳይሸጥ ቢደረግ አልቃወምም። ሰርዲኔላ በዚህ ውስጥ ይገባል። ጠቅላላ ክልከላን ግን አልቀበልም።

ማዕበል፦ ክምችቱ ተመናምኗል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ፋብሪካው ራሱ በሚያቀርበው መረጃ ከሆነ አልቀበለውም። አስጋሪዎቹና ዓሣ አድራቂ ሴቶቹ ድምፅ ያላቸው ጉባኤ የሚወስን ከሆነ፣ ከሰርዲኔላ እንጀምር።