የሚጥል በሽታ ያለበት ሹፌር ሰው ጭኖ ይንዳ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁርስ እየበላን ድንገት ወደቀ። የሻይ ብርጭቆው እጁ ላይ ተሰበረ። ጎረቤቶች "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" እያሉ ገቡ። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለን። መድኃኒት አዘዘለት፤ መንዳትም እንዲያቆም ነገረው። እሱ ግን በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ስናገረው "ልጆቼን አንቺ ታበያለሽ?" ይለኛል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው እስከ መጨረሻው መሪ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።

ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን ፈርደሽበታል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ላይ ነው። ገደል የገባ መኪና ስናወጣ ሹፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወጣውን አይሱዙ እይው። ሕዝቡ "አልቃይዳ" ያለው ወዶ አይደለም። ጫት ካደረ ጉልበቱም ዋጋውም ይወርዳል፤ ስለዚህ መኪናው ይበራል። ሹፌሩም እየቃመ ነው። ምርቃናው እስካለ ዓይኑ አይከደንም። ሲወርድበት ግን መሪውን እንደያዘ ያሸልባል። ሲደርስ ደግሞ ጨብሲ አለ፣ ምርቃናውን የሚሰብርበት መጠጥ፤ ነገ ጠዋት ተመልሶ መንገድ። ይሄን ዝም ብለን መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ ልጅ ላይ በር እንዝጋ?

ነርስ ነኝ፦
አባባ፣ ስለ ጫቱና ስለ እንቅልፉ ልክ ነዎት። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ምላሹ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይዘገያል። አውስትራሊያ ውስጥ ለክተው አይተውታል። ግን እንቅልፍ የመጣበት ሰው ይታወቀዋል። ያዛጋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ከፈለገ ዳር ይይዛል። የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ ይሄን ፋታ አይሰጥም። እግሩ ነዳጅ ላይ እንዳለ ሊደርቅ ይችላል።

እህቴ፣ አንቺም "እስከ መጨረሻው" ያልሽው ልክ አይደለም። በአግባቡ ከታከሙ ከ10 ታማሚዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። የወንድምሽ ችግር ገና ጀማሪ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ይያዘው አይያዘው አልታወቀም። አንዳንዱ መድኃኒት መጀመሪያ ላይ ራሱ ያደነዝዛል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ተራ የሚይዝ ሰው መቼ ይተኛል? (ክብሪቱን ተዉት በናታችሁ። ምንም አይፈይድም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ እስኪያልፍ አጠገቡ ሁኑ።)

ከለንደን፦
እዚህ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው 12 ወር ሳይጥለው ከቆየ የቤት መኪና ይነዳል። ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ግን 10 ዓመት ይጠየቃል፤ ያውም ያለ መድኃኒት። ስሰማው በጣም ጨክነዋል ብዬ ነበር። በፈረንጅ 2014 ዲሴምበር 22 ግላስጎው ውስጥ የሆነው ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ። የቆሻሻ መኪና ሹፌር እየነዳ ራሱን ሳተ። መኪናው ለ19 ሰከንድ ያህል በገና ገበያተኛ መሀል ሄደ። 6 ሰው ሞተ። የሚጥል በሽታ አልነበረም፣ ተራ ራስ መሳት ነው። በምርመራው ከዚያ በፊት በ2010 አውቶቡስ መሪ ላይ ራሱን ስቶ እንደነበር፣ ያንንም በኋላ ከቀጠረው አሠሪም ከሐኪምም እንደደበቀ ወጣ። እኔን የሚያስፈራኝ መደበቁ ነው።

የታክሲ ሹፌር፦
ታዲያ ማን ይናገራል? እስቲ በእውነት እንነጋገር። መንጃ ፈቃዴን ሳወጣ ለጤና ምርመራ የሄድኩበት ቦታ ስሜን ጠይቀው ማህተም መቱልኝ። የዓይን ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀና በልና አንብብ ያለኝ የለም። "ጥሎህ ያውቃል?" የሚለው ቦታ ላይ "የለም" ብለው ራሳቸው ሞሉት። አሁን ቢጥለኝና ብናገር ባለንብረቱ በማግስቱ ቁልፉን ይቀበለኛል። ለሰውየው አልፈርድበትም፣ መኪናው ንብረቱ ነው። እኔ ግን በምን እኖራለሁ? እውነት የተናገረ ሰው ከተራበ ሁሉም ይደብቃል። እኛ ማኅበር ውስጥ ቢሆን ተራ አስከባሪ አድርገን እናቆየዋለን። ገቢው ያንሳል፣ ግን ዳቦ ነው።

ጡረታ የወጡት ሹፌር፦
ልጄ ነርሷ፣ ያልሽው ገባኝ። ባዶ መኪና ቢሆን እከራከርሽ ነበር። 12 ሰው ጭኖ ግን አይሆንም። ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ይውረድ። ግን በሩ አይዘጋበት። እዚህ ላይ አልለቅም።

ጠያቂዋ፦
"እስከ መጨረሻው" ያልኩትን መልሻለሁ። ለካ እኔም ነበርኩ እንዲደብቅ ያደረግኩት። ትናንት ማታ ሳልጮህ አናገርኩት። ለካ አንድ ጊዜ ተራ ላይ ቆሞ ጥሎት ነበር፤ ረዳቱ ብቻ ነው ያየው። ለማንም አልተናገረም። ይሄን ሲነግረኝ እጁ ላይ ያለውን የብርጭቆ ጠባሳ እያሸ ነበር። ተራ አስከባሪነቱን ለማኅበሩ ሰዎች እጠይቅለታለሁ። ቁልፉን ለባለንብረቱ ነገ አብረን እንመልሳለን።