በፕራይመሪ ለተሸነፈች እጩ ቀጣዩ መንገድ ምንድን ነው? ለቦርዱ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እንደምታውቁት እህታችን በሜሪላንድ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ካውንስል (ለካውንቲው ምክር ቤት) በዴሞክራቲክ ፓርቲ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩዎቹን በሚለይበት ምርጫ፣ ተወዳድራ አልተሳካላትም። ባለፈው ስብሰባ ገሚሶቻችን «አበቃ፤ የተሸነፈ ሰው ሁለተኛ ማን ይመርጠዋል» አልን፣ ገሚሶቻችን ደግሞ «በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ወንበር ትሞክር» አልን፤ ሳንስማማ ተለያየን። ለቦርዱ የሚቀርበው ሐሳብ እስከ እሑድ መድረስ ስላለበት እዚሁ እንጨርሰው።

የእኔን ላስቀድም። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ካውንቲ እንይ። ዊል ጃዋንዶ በ2014 ለሜሪላንድ ተወካዮች ምክር ቤት በዲስትሪክት 20 ተወዳደረ። ሦስት ሰው የሚያልፍበት ነው፤ እሱ አራተኛ ወጣ። በ2016 ለኮንግረስ ሞከረ፤ ጄሚ ራስኪን አሸነፈው። በ2018 ግን ካውንቲ ካውንስል ገባ። አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ሰው ናቸው፤ «ስደተኛ ስም ያለውን አይመርጡም» ለምንል ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢቫን ግላስም እንዲሁ በ2014 ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን የያዘውን ዲስትሪክት 5 በጥቂት መቶ ድምፅ አጥቶ፣ በ2018 ከጃዋንዶ ጋር አብሮ ተመረጠ።

ልብ በሉልኝ፣ ሁለቱም ያሸነፉት ቀድሞ በተሸነፉበት ወንበር አይደለም። በ2016 የካውንቲው ሕዝብ አንድ የካውንስል አባል ከሦስት ተከታታይ የሥራ ዘመን በላይ እንዳይቆይ ወሰነ። በዚህ ምክንያት በ2018 መላው ካውንቲ ከሚመርጣቸው አራት ወንበሮች ሦስቱ ባለቤት አልነበራቸውም። ለእነዚያ ወንበሮች በዴሞክራቶች በኩል 33 ሰው ተመዘገበ። ያን ሁሉ ስም የያዘ ወረቀት የሚቀርብለት መራጭ የሚያውቀውን ስም ነው የሚፈልገው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በር አንኳኩተው ስማቸውን አስለምደው ነበር። ስለዚህ «ያንኑ ወንበር እንደገና» ከማለታችን በፊት የትኛው ወንበር መቼ እንደሚለቀቅ እናጥና ባይ ነኝ።

ከታኮማ ፓርክ አባል፦
ወንድሜ፣ ያሸነፉትን ብቻ ቆጠርክ እኮ። ዶና ኤድዋርድስን አስታውስ። በ2006 በፕራይመሪ በወንበሩ ላይ የነበረውን የኮንግረስ አባል አል ዊንን ለጥቂት ሳታሸንፈው ቀረች፤ በ2008 ተመልሳ ጣለችውና ኮንግረስ ገባች። እስከዚህ ያንተን ሐሳብ ይደግፋል። ከዚያ በኋላ ግን በ2016 ለሴኔት፣ በ2018 ለፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አስተዳዳሪነት፣ በ2022 እንደገና ለኮንግረስ ተወዳድራ በሦስቱም ፕራይመሪ ተሸነፈች። ዴቪድ ብሌርን ተመልከት፤ ከኪሱ ሚሊዮኖች አውጥቶ ለካውንቲ አስተዳዳሪነት በ2018 በ77 ድምፅ፣ በ2022 በ32 ድምፅ፣ ሁለቴም በማርክ ኤልሪክ ተረታ። 32 ድምፅ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ጋ ለቡና የሚቀረው ሰው ከዚያ ይበልጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት። አራት ዓመት ሙሉ «እጩ ነበረች» እየተባለች ብቻ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ኤልሪክ ራሱ ካውንቲ ካውንስል ለመግባት ደጋግሞ ተወዳድሮ የተሳካለት በ2006 ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ከ1987 ጀምሮ እዚሁ ታኮማ ፓርክ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲሠራ ነበር። ስለ ቆሻሻ ማንሻ፣ ስለ ኪራይ ጭማሪ ሰው ሲጮህበት ያመሸ ሰው ነው። እህታችንም እዚሁ ከተማ ነዋሪ ናት፤ ለምን ትንሹን ወንበር አታስቀድምም? ደግሞ አትርሱ፣ በታኮማ ፓርክ የከተማ ምርጫ ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪም ይመርጣል፤ ከ2013 ወዲህ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። ዜግነት ገና ያላገኙት ወገኖቻችን ድምፅ የሚኖራቸው እዚህ ነው።

ከሒሳብ ክፍል፦
በስብሰባው ላይ «ያለባትን የምርጫ ዕዳ ማኅበሩ ይሸፍን» የተባለውን በሚመለከት ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥ፤ አይቻልም። ማኅበራችን ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የፌዴራል ሕጉ ከ1954 ጀምሮ እንዲህ ያለ ድርጅት ለማንኛውም እጩ እንዳይደግፍ፣ ማንንም እንዳይቃወም ይከለክላል። ከካዝናው አንድ ዶላር፣ ከማኅተሙ አንድ ደብዳቤ፣ ከቴሌግራም ገጻችን አንድ «ምረጧት» የሚል መልእክት መውጣት የለበትም። ነገሩ ከተጣሰ የምናጣው የግብር ነፃነቱን ነው፤ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት ቤትም አብሮ ይጎዳል። እባካችሁ በዚህ አትጨክኑብኝ።

በግል ግን እያንዳንዳችሁ ነፃ ናችሁ፤ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን መምረጥ ባይችልም ገንዘብ መስጠት ይችላል። እዚህ ላይ ባለፈው ጊዜ ያየሁትን ልናገር። ካውንቲው ከ2018 ምርጫ ጀምሮ ከግለሰብ ብቻ አነስተኛ መዋጮ ለሚቀበሉ እጩዎች ከሕዝብ ገንዘብ ይጨምራል። ወደዚያ ለመግባት ግን ለመላው ካውንቲ ወንበር 250 የካውንቲው ነዋሪዎችና 20,000 ዶላር፣ ለዲስትሪክት ወንበር 125 ነዋሪዎችና 10,000 ዶላር ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ቸር ነው፤ ነገር ግን ብዙው ገንዘብ የመጣው ከአሌክሳንድሪያና ከዲሲ ነው። ካውንቲው በዚያ ላይ ምንም አይጨምርም፣ በቁጥሩም ውስጥ አያስገባውም። አምስት መቶ ዶላር ከሚሰጥ የቨርጂኒያ ወዳጅ ይልቅ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር የሚሰጡ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶች ያስፈልጓት ነበር።

ከወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ ስለ ገንዘቡ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ድምፁ ልጨምር። በምርጫው ቀን ጠዋት ከምርጫ ጣቢያው ደጅ፣ ከተከለከለው ርቀት ውጪ ቆሜ ነበር። እናቴ የሚሆኑ አንድ ሴት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእህታችንን ስም የያዘችውን ካርድ ጨብጠው ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ተለዋውጧል። «ስሟ የለም እኮ ልጄ፤ የትምህርት ቦርድ ብቻ ነው የሰጡኝ» አሉኝ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ፓርቲ ይመርጡ እንደሆነ ሲጠየቁ «የለኝም» ብለዋል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ የፓርቲው አባል ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው የፓርቲውን እጩ መምረጥ አይችልም። ፓርቲ ለመቀየር ደግሞ ምርጫው ከመድረሱ ከ21 ቀን በፊት ማድረግ ነበረባቸው። ያን ቀን እንደሳቸው የሆኑ ሌሎችም አጋጥመውኛል፤ አብዛኞቹ የእኛው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከአገር ቤት ፖለቲካ ጠባሳ ይዞ የመጣ ሰው በወረቀት ላይ የፓርቲ ስም መጻፍ ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን በሚቀጥለው ዙር ማንም ይወዳደር ማን፣ ይህን ካላስተካከልን ውጤቱ አይለወጥም።

ሌላው፣ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው ተከፋፍሎ ይወጣል። ከበር አንኳኪዎቻችን ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው። በሄድንበት አካባቢ ድምፅ አግኝታ ባልሄድንበት ካላገኘች ችግሩ ጉልበት ነው፤ ሄደንም ካላገኘች ግን ችግሩ መልእክቷ ነው፣ ያንን ደግሞ በፍቅር ልንነግራት ይገባል።

ከታኮማ ፓርክ አባል፦
ይህን ስላነሣኸው ደስ ብሎኛል፤ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ታዲያ ፓርቲውን በካውንቲው ስለሚመራው ሴንትራል ኮሚቴስ ማን ይናገራል? ራስኪን ወደ ኮንግረስ ሲሄድ የክልሉ ሴኔት ወንበሩ ለዊል ስሚዝ፣ ስሚዝ በተወካዮች ምክር ቤት የነበረው ወንበር ደግሞ ለጃኔል ዊልኪንስ ሲሰጥ ሕዝቡ አልመረጠም። ኮሚቴው ስም አቀረበ፣ ገዥው ሾመ። የኮሚቴው አባላት የሚመረጡት በዚያው ፕራይመሪ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ብዙ መራጭም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እዚያ ቦታ ሳይደርስ ይደክመዋል። እዚያ ስንቶቻችን አለን?

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፤ ገብቷል። እኔም አንድ የቅርብ ሰው ላንሣ። ከኤርትራውያን ቤተሰብ የተወለደው ጆ ነጉሴ በ2014 በኮሎራዶ ለሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት (የክልሉን ምርጫ ለሚያስተዳድረው ኃላፊነት) ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ በፕራይመሪ ሳይሆን በጠቅላላው ምርጫ ነው። ከዚያ ገዥው የክልሉን የሙያ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሾሙት፤ በ2018 ኮንግረስ ገባ። ከሽንፈቱ በኋላ የያዘው ሥራ ነው ዓይኔን የሳበው። ካውንቲያችን ውስጥ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉባቸው ብዙ ቦርዶችና ኮሚሽኖች አሉ፤ ክፍት ቦታ ሲኖር ማስታወቂያ ይወጣል፣ ማንም ነዋሪ ማመልከት ይችላል።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። አሸናፊውን እስካሁን ደውላ እንኳን ደስ ያለህ አላለችም ተብሏል። ቅሬታዋ ይገባኛል፤ ያን ያህል ለፍታ እንቅልፍ አጥታ ነው። ግን በሜሪላንድ ሕግ በፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዓመት በሌላ በር ለዚያው ወንበር በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ በጠቅላላው ምርጫ ከፓርቲዋ ጎን ብትታይ የምታጣው ነገር የለም። ይህን የምታከብራት አንዲት ታላቅ ሴት በግል ብትነግራት እመርጣለሁ። እትዬ፣ ከታኮማ ፓርክ፣ እርስዎን አስቤያለሁ።

የተስተካከለው ረቂቅ እነሆ፦

«ማኅበሩ ማንንም እጩ አይደግፍም፣ አይቃወምም። ይልቁንም በፕራይመሪ ተወዳድረው ያልተሳካላቸውን ጨምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የሚነሡ ወገኖችን ሁሉ፣ ፓርቲ ሳይለይ፣ በሥልጠና ያግዛል። የወጣቶች ክፍል በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየገበያው የመራጮች ምዝገባ ያካሂዳል፤ የትኛውን ፓርቲ እንዲመርጡ ሳይናገር ዝግ ፕራይመሪ ምን ማለት እንደሆነና የ21 ቀኑን ገደብ በአማርኛ ያስረዳል። ጽሕፈት ቤቱ በካውንቲው ቦርዶችና ኮሚሽኖች ክፍት የሚሆኑ ቦታዎችን፣ የሥራ ዘመናቸው የሚያበቃ ወንበሮችንና የታኮማ ፓርክ ከተማ ምርጫ ቀኖችን ተከታትሎ ለአባላት ያሳውቃል። አባላት በግላቸው፣ በራሳቸው ስም፣ ከማኅበሩ ስብሰባና ገጽ ውጪ የፈለጉትን እጩ መርዳት መብታቸው ነው።»

ስለ እህታችን የተነጋገርነው ሁሉ ከረቂቁ ውጪ ነው፤ በግላችን እንቀጥለዋለን። የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት ማነጻጸሩም እንዲሁ በግል ስለሚሠራ በማኅበሩ ኮምፒዩተር አይሁን።

ከሒሳብ ክፍል፦
«ፓርቲ ሳይለይ» የሚለው መግባቱ ጥሩ ነው። «በሥልጠና ያግዛል» ከሚለው ቀጥሎ «ሥልጠናው ለማንም ክፍት ነው» የሚል ይጨመርበት። በዚህ እስማማለሁ።

ከታኮማ ፓርክ አባል፦
እሺ፣ ልጅቷን እኔ አነጋግራታለሁ። ነገ ማታ ቤቷ እሄዳለሁ፤ ስለ ምርጫ የማነሣው ግን ራት ከበላን በኋላ ነው።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። የጋሼን ማስተካከያ አስገብቻለሁ። ሌላ የሚቀየር ቃል ያለው እስከ ቅዳሜ ማታ ይጻፍልኝ፤ እሑድ ጠዋት ለቦርዱ እልካለሁ።