በቱሪዝም ማኔጅመንት ፒኤችዲ፦ ያዋጣል ወይስ ዕድሜ መጨረስ ነው?

ሻንጣ፦ ማስተርሴን ከያዝኩ ቆየሁ፣ የምሠራው ሆቴል ነው። ፒኤችዲ ልቀጥል ስል ግማሹ ጓደኛዬ "ዶክተር ተብለሽ ክፍል ልታከራዪ ነው?" ብሎ ይስቃል፣ ግማሹ "ዛሬ ነገ ስትዪ አረጀሽ" ይለኛል። እናንተስ? "ትምህርት ብርሃን ነው" የሚለኝ ሰው ግን እንዳይመጣ።

ሪሴፕሽን፦ እቅጩን ልንገርሽ፣ አትጀምሪው። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጄኔራል ማናጀር ሲቀጠር ዶክትሬት ሲጠየቅ አንድም ቀን አላየሁም። የሚጠየቀው ስንት ክፍል ሞላህ፣ ገቢህ ስንት ነበር፣ ከሠራተኛ ጋር እንዴት ነህ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ወረቀት ላይ ተደፍተሽ ከምትከርሚ ወደ ሬቨኒው ማኔጅመንት (የክፍል ዋጋና ገቢን ማስተዳደር) ብትዞሪ የት በደረስሽ።

ምዕራፍ ሦስት፦ (የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተቸክዬ ነው ይህን ስም ያወጣሁት፣ ስለዚህ እያጋነንኩ ካወራሁ ይቅርታ።) ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፒኤችዲ ማናጀር አያወጣም። ተመራማሪ ነው የሚያወጣው። ሪቻርድ ባትለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 የቱሪስት መዳረሻ ይገኛል፣ ያድጋል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ወይ ይወድቃል ወይ ይታደሳል ብሎ ያስቀመጠውን ሞዴል ዛሬም እንማረዋለን። ታይላንድ ማያ ቤይ የተባለውን የባሕር ዳርቻዋን በ2018 ዘግታ በ2022 ስትከፍት የሰዉን ቁጥር ገደበች። ቬኒስም በ2024 ለውሎ ገብ ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። ክፍያው ሰው ይቀንሳል ወይስ ካዝና ብቻ ይሞላል? ይህን ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ መመለስ አይቻልም።

ሪሴፕሽን፦ ማያ ቤይ ላይ ኮራሉን መልሰው የተከሉት የባሕር ሳይንስ ሰዎች ናቸው እኮ። የናንተ ዶክተሮች የት ነበሩ?

ነገር ፈላጊ፦ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ቱሪዝም ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ነው ወይ የሚለው ጭቅጭቅ ገና አልበረደም። የቱሪዝም ተመራማሪው ጆን ትራይብ በ1997 አይደለም ብሎ ጽፎ ስንቱን አስቆጣ። ባትለር ራሱ ጂኦግራፈር ነው፣ ስለ ቱሪስት በመጻፍ የሚታወቀው ዲን ማካኔልም ሶሲዮሎጂስት ነው። እና ለምን ኢኮኖሚክስ ወይም ጂኦግራፊ ገብታ ቱሪዝምን ርዕስ አታደርገውም? መሣሪያውን ከዋናው ቤት ትይዛለች። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ብዙው የቱሪዝም ጥናት መጠይቅ በትኖ "ረክተዋል? ተመልሰው ይመጣሉ?" ብሎ ቀስት በቀስት የሆነ ስዕል መሥራት ነው። የረካ ሰው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ለማወቅ ዶክትሬት?

ምዕራፍ ሦስት፦ ቀስቶቹን ተዋቸው፣ ምዕራፍ ሦስቴ እነሱ ናቸው 😭 ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን በኋላ ሥራ ስትፈልግ ዋጋ ያስከፍላታል። የቱሪዝም ዲፓርትመንት ብዙ ቦታ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሥር ነው፣ ሲቀጥርም የሚያየው በቱሪዝም ጆርናሎች ምን እንዳሳተምሽ ነው። ይልቅ ሻንጣ፣ ጥያቄሽ ምንድን ነው? ማዕረጉን ሳይሆን፣ ልታጠኚው የምትፈልጊውን ማለቴ ነው።

ሻንጣ፦ አንድ አለችኝ። በ2020 ዓለም አቀፍ ጎብኚ ከ70 በመቶ በላይ ሲወርድ እኛ ጋ ብዙ ሰው ተቀነሰ። ሥራው ሲመለስ ግን ጎበዝ ጎበዞቹ አልተመለሱም። ደሞዝ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ የሄዱት ያነሰ ወደሚከፍል ሥራ ነው። ያ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

ነገር ፈላጊ፦ በይ ይሄ ጥያቄ ነው። ቃሌን በከፊል አነሳሁ። ግን የሥራ ገበያ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ አድቫይዘር ፈልጊ፣ ስለ መዳረሻ ገጽታ ብቻ የሚጽፍ ሰው እጅ ከወደቅሽ ሁለት ዓመት ሳይሞላ "እስቲ ስለ እርካታ ብታደርጊው" ይልሻል። የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን የሰውየውን ጽሑፎች አንብቢ።

ምዕራፍ ሦስት፦ አሠራሩንም ለዪ። እንግሊዝ አገር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ፕሮፖዛል ይዘሽ ትገቢና በሦስት አራት ዓመት ትጨርሻለሽ፣ ኮርስ እምብዛም የለም። አሜሪካ መጀመሪያ ኮርስ፣ ከዚያ ከባድ ፈተና፣ ከዚያ ነው ጥናቱ፣ ስለዚህ ይረዝማል። ሥራሽን መልቀቅ ካልፈለግሽ እንደ ሆንግ ኮንግ ፖሊቴክኒክ ያሉት በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚሰጡት ዶክትሬት አለ። ያለ ስኮላርሺፕ ከኪስሽ ከፍለሽ ግን እንዳትገቢ። ይህን ከራሴ ተማሪ።

ሪሴፕሽን፦ እኔ አሁንም አትጀምሪው ባይ ነኝ። ግን ስለነዚያ ሳይመለሱ ስለቀሩት ልጆች ከሆነ፣ የስድስቱ ስልክ አለኝ። አንዷ አሁን ዳቦ ነው የምትጋግረው፣ ደስተኛ ናት። ደሞዟ ያነሰ ነው፣ እሱን ጠይቄያት ነበር። ለምን እንደሄደች ግን አልጠየቅኋትም።