የአሻራ መስመር ቆጠራ ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከዳባትና ከመተማ የመጡ ሰዎችን የጣትና የመዳፍ አሻራ እያነጻጸርኩ ነው። የአሻራ መስመሮች ገና በማህፀን ተሠርተው ስለሚያልቁና ቅርጻቸው ዕድሜ ልክ ስለማይለወጥ፣ በከፊልም በዘር ስለሚወረሱ፣ የሕዝቦችን ዝምድና ለማየት ያገለግላሉ።

ችግሬ ዎርል ላይ ነው፣ ማለትም መስመሮቹ እንደ አዙሪት የሚሽከረከሩበት ጣት። አርች፣ ማለትም መስመሮቹ እንደ ቅስት ጎብጠው የሚያልፉበት፣ ዴልታ (መስመሮች ከሦስት አቅጣጫ የሚገናኙበት ነጥብ) ስለሌለው ቆጠራው ዜሮ ነው፣ ሉፕም፣ ማለትም መስመሮቹ በገቡበት በኩል ታጥፈው የሚመለሱበት፣ አንድ ዴልታ ብቻ ስላለው ከዴልታው እስከ አሻራው መሐል ያሉትን መስመሮች ቆጥሬ እጨርሳለሁ። ዎርል ግን ሁለት ዴልታ አለው፤ አንዱ አሠራር ትልቁን ቁጥር ብቻ ያዝ ይላል፣ ሌላው ሁለቱንም ደምር ይላል። ሁለት ሕዝብ ለማነጻጸር የትኛው ይሻላል? ወይስ ሁለቱንም ለየብቻ ላቅርብ?

ሌላው የገበሬዎቹ እጅ ነው። ሞፈር ሲይዝ የኖረ ጣት መስመሩ ተፍቆ በቀለም አይወጣም፣ ሦስቴ አስነክሬ ሦስቴም ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። እነሱን ከጥናቱ ማውጣት ደግሞ አንጀቴ አይችልም፣ ውጤቱም ይዛባል። እጃቸውን በሳሙና አሳጥቤ ሞክሬያለሁ፣ ትንሽ ተሻሽሏል።

ደግሞ ከአንድ ቤት ወንድምና እህት አብረው መጥተው አሻራ ሰጥተውኛል። አንዳቸውን ብቻ ልያዝ? ይህን የሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በጣም ቸኩያለሁ።