ብሉቤሪና እንጆሪ መመገብ ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። አያቴ ልጆቿን እስከማታውቅ ድረስ በመርሳት በሽታ ተሠቃይታ ስላለፈች፣ እናቴ የሰው ስም በጠፋት ቁጥር «እኔም ጀመረኝ» እያለች ትሰጋለች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ብሉቤሪ የሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ አእምሮን ከአልዛይመር (ከዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ይጠብቃል የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ የብሉቤሪ ዱቄት የያዘ እንክብል በሰው ሊልክላት ተዘጋጅቷል። እዚህ የቀዘቀዘ ብሉቤሪ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ለመሆኑ ነገሩ እውነት ነው? ከሆነስ በእንጆሪ ወይም በአጋም መተካት ይቻላል? እናቴ የደም ግፊት መድኃኒትና፣ በልብ ምት መዛባት ምክንያት፣ ዋርፋሪን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦ ነገሩ መሠረት አለው፤ የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም። አዘውትሮ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶች መካከል ብሉቤሪና እንጆሪ አዘውትረው የሚመገቡት የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ቀስ ብሎ ሲቀንስ ታይቷል፤ ልዩነቱም እስከ 2 ዓመት ተኩል የሚደርስ የአእምሮ እርጅና መዘግየት ያህል ሆኖ ተገምቷል። መጠኑ ብዙ አልነበረም፤ ብሉቤሪ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንጆሪ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ኩባያ ያህል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥናት ሰዎች የሚበሉትን ይመዘግባል እንጂ እንዲበሉ አድርጎ ውጤቱን አይፈትንም። እንጆሪ የሚያዘወትር ሰው ኑሮው የተሻለና እንቅስቃሴው የበዛ ሊሆን ስለሚችል፣ አጥኚዎቹ ይህን በስሌት ለመለየት ቢጥሩም ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አይወገድም።

ፍሬዎቹን ቀይና ሐምራዊ የሚያደርጋቸው አንቶሲያኒን የተባለው ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እስከ አንጎል ድረስ መድረሱ ታይቷል። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ ይደበዝዛል። በቺካጎው ራሽ ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸው ማይንድ የተባለው የአመጋገብ ሥርዓት ከፍራፍሬዎች ሁሉ ለይቶ የሚያዘው እነዚህን ፍሬዎች ነው። ይህ ሥርዓት በ604 ሰዎች ላይ ለ3 ዓመት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲታተም፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን የጎላ ልዩነት አላሳየም። እኔ እንደ ጥሩ ምግብ ብሉ እላለሁ፤ እንደ መድኃኒት ግን አላዝዘውም።

መልስ (ፋርማሲስት)፦ እንክብሉን በሚመለከት እባክዎ ወንድምዎን ያስቁሙልኝ። ለአእምሮ ተብለው በሚሸጡ ቅልቅል እንክብሎች ውስጥ ጊንኮ (ከዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ) ወይም ክራንቤሪ (ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ) ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ የመድማት አደጋን ሊጨምሩ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጥባቸዋል። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ምርቶች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምረው አይጸድቁም። እናትዎ ማንኛውንም አዲስ እንክብል ከመጀመራቸው በፊት የደም መርጋት ምርመራቸውን የሚከታተለው ሐኪም ይየው። በምግብ መጠን የሚበላ እንጆሪ ግን አያስጨንቅም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እኛ እዚህ የምንገዛው የቀዘቀዘውን ነው፤ ቅዝቃዜ ቀለሙንም ንጥረ ነገሩንም ብዙ አይጎዳውም። የደረቀው ብዙ ጊዜ ስኳር ስለሚጨመርበት አይመከርም። ወንድምዎ የግድ አንድ ነገር መላክ ከፈለጉ፣ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይላኩላቸው።

መልስ (ከአዲስ አበባ)፦ እንጆሪው በወቅቱ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ለጾምም ይሆናል። መሬት ላይ የሚያድግ ፍሬ ስለሆነ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ማርማላታ ሲደረግ ሙቀቱ አንቶሲያኒኑን ስለሚቀንሰውና ስኳሩ ስለሚበዛ ጥሬውን መብላት ይሻላል። አጋምም በደንብ ሲበስል የሚያጠቁረው ያው ዓይነት ቀለም ነው፤ ሆኖም የተጠቀሰው ጥናት የብሉቤሪና የእንጆሪ በመሆኑ ውጤቱን ለአጋም መስጠት አይቻልም። ለጣዕሙ ይብሉት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግፊቷ መድኃኒት እየወሰደችም አንዳንድ ጊዜ 160 ይደርሳል። ይህም ከመርሳት ጋር ይገናኛል?

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)፦ በሚገባ ይገናኛል፤ ከእንጆሪው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊሻሻሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ መጥፎ ኮሌስትሮልና የመስማት ችሎታ መቀነስ ይገኙበታል። ግፊታቸውን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየለካችሁ መዝግቡና ለሐኪማቸው አሳዩ፤ መድኃኒቱ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በዚያው ቀን ጆሯቸው እንዲታይ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እና የታይሮይድ ምርመራም እንዲደረግላቸው ጠይቁ፤ የእነዚህ መዛባት መርሳት ያመጣል፣ ሕክምናም አለው። ስም መጥፋት ብቻውን በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ የለመዱት መንገድ ከጠፋቸው ወይም የገንዘብ ሒሳብ ካስቸገራቸው ግን ሳይዘገይ ለነርቭ ሐኪም ይታዩ።