ለአስጎብኚ ድርጅት የማቀርበው ቅሬታ

እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ከደብረ ብርሃን አንኮበርና ጓሳ ለሁለት ቀን ለመሄድ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት 24,000 ብር ከፈልኩ። ውሉ ላይ ሁለት ክፍል ይላል። አንኮበር ስንደርስ የተያዘልን አንድ ብቻ ነው። በዚያ ብርድ ለአምስት ሰው ሁለት ብርድ ልብስ! እናቴ ጋቢዋን ለልጆቹ አልብሳ ቁጭ ብላ አነጋች። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በማግስቱ «መኪናው ተበላሽቷል» ተብሎ ጓሳ ቀረ። ልጄ እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ አያለሁ ብላ ስንት ቀን ስትቆጥር ነበር።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ቢሮም ሄድኩ። «ሥራ አስኪያጁ የሉም» ነው መልሱ። ውሉ፣ ደረሰኙና የክፍሉ ፎቶ እጄ ላይ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይላል። አሁን በጽሑፍ ላመለክት ነው። ሙሉ ገንዘቡን ልጠይቅ ወይስ የቀረብንን ክፍልና የጓሳውን ጉዞ ሒሳብ ብቻ?