ተማሪዬ የራሴን ዓረፍተ ነገር መልሳ ጻፈችልኝ፤ ስንት ልስጣት?

የጂኦግራፊ መምህር፣ ባሕር ዳር

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ጣና ስንማማር ወሬው ከእምቦጭ ወደ መስኖ፣ ከመስኖ ወደ ጫት ሄደ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እርስዎ ጫት መመረቱን ይደግፋሉ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ተጠይቄ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ታናሽ ወንድሜን ከመቃሚያ ቤት እየለቀምኩ ወደ ቤት ስመልስ ዓመታት ያለፉብኝ ሰው ነኝ። ይህን ለክፍሉ አልነገርኩም። ያልኩት «ጫት የሐይቁን ውኃ የሚጠጣ፣ የትውልዱን ጉልበት የሚበላ ጠላት ነው» ነበር። አጨበጨቡ፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።

ባለፈው ሳምንት ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ «በአካባቢያችን ጫት ማምረት ያለውን ጥቅምና ጉዳት አወዳድሩ» የሚል፣ አሥር ነጥብ የሚይዝ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳርም፣ ከሃምሳ አራቱ ወረቀት በአርባ ሰባቱ ላይ ያችው ዓረፍተ ነገር ትጠብቀኛለች። የሚጠጣ፣ የሚበላ፣ ጠላት። ጥቅሙን ያነሣ የለም ማለት ይቻላል።

አንዱ ወረቀት ላይ ግን እጄ ቆመ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ መንገድ ዳር ከአባቷ ጋር ጫት በኮባ ቅጠል ስትጠቀልል አገኛታለሁ፤ ሰላም እንባባላለን። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ጠላት» ብላ ጽፋ፣ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

አስተያየቴን መናገር አልነበረብኝም ትላላችሁ? ለእሷስ ስንት ልስጣት? ወረቀቱ ሳይታረም ጠረጴዛዬ ላይ አራተኛ ቀኑን ያዘ።

ጡረታ የወጣሁ መምህር

ልጄ፣ እኔ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪ ሆኜ ገጠር ዘምቻለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ነው ጠመኔ የያዝኩት። በእኛ ጊዜ የመምህር አስተያየት የሚባል ነገር አልነበረም። ተጽፎ ይመጣል፣ እናነባለን። ልጆቹም ፈተና ላይ ያነበብነውን ይመልሱልናል፤ በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ተሰብስበው ሲያወሩ ስንቀርባቸው ግን ወሬው ቀጥ ይላል። የዚያን ጊዜ ዝምታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መናገርህን አልነቅፍም፤ ቀድመህ መናገርህን ነው የምነቅፈው። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ባላጋራዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ አፉን አይከፍትም። አንተ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ቀድመህ ፈረድክ፤ ልጆቹ እንደ ትእዛዝ ቢሰሙት ምን ይገርማል? ልጅቷን ደግሞ በክፍል ፊት አንድም ነገር እንዳትጠይቃት፤ አደራ።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ በዚህ አልስማማም። ስለ ፓርቲና ስለ ሃይማኖት ከሆነ መምህር አፉን ይያዝ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሁለቱም ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ጫት ግን ፓርቲ አይደለም። ልጄ ከትምህርት ቤት ቤቱ እስኪደርስ በስንት መቃሚያ ቤት ደጃፍ እንደሚያልፍ አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። እነሱ ገለልተኛ አይደሉም። መምህሩ ብቻ ገለልተኛ ሲሆን ልጄ ማንን ይስማ? ደግ አደረጉ መምህር። ለልጅቷ ሙሉ ነጥብ ይስጧትና ይገላገሉ።

የጫት ገበሬ ልጅ፣ አሁን የግብርና ባለሙያ

መምህር፣ ጂኦግራፊ ስለሚያስተምሩ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእናንተ መንገድ ያለው ሞተር የሚስበው ከዓባይ ነው እንጂ ከሐይቁ አይደለም።

አባቴ ከጫት በፊት ቲማቲም ሞክሮ ነበር። የሁሉም ሰው ቲማቲም በአንድ ሳምንት ደረሰና ዋጋው ወደቀ፤ የእኛን ከብቶች በሉት። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። እኔ የተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ጉዳቱን ልደብቅ አይደለም። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም ነው ያ ሁሉ መጠቅለልና መኪና ማብረር፤ መድኃኒት ከተረጨ ስንት ቀን ሆነው ብሎ የሚጠብቅ ነጋዴ የለም። አባቴ ረጭቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ውሎ ያድር ነበር። ይህን ከእርስዎ ይልቅ ሦስተኛው ረድፍ ያውቀዋል። ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ ክፍሉን እሷ ታስተምርልዎት ነበር።

ሌላ መምህር

በፈረንጆች 1976 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ቦይቴልስባኽ በምትባል ቦታ የሥነ ዜጋ ትምህርት ባለሙያዎች ተሰብስበው የተግባቡባቸው ሦስት ነጥቦች አሉ። ተማሪን በአስተያየት አትጫኑት፤ ሊቃውንትና ፖለቲከኞች የሚከራከሩበት ነገር ክፍል ውስጥም መከራከሪያ ሆኖ ይቅረብ፤ ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ እንዲያመዛዝን አስችሉት። ሦስተኛውን ሳነብ ያችን ልጅ አሰብኳት።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዓባዩን እርማት ተቀብያለሁ፤ አፍሬአለሁም። እመቤቴ፣ ሙሉ ነጥብ ብሰጣት የገዛ ዓረፍተ ነገሬን መልሼ መግዛት ሆነብኝ።

ጥያቄውን ለሁሉም ሰረዝኩት። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ለእነሱ ለቀቅሁና መጨረሻ ላይ፣ ጋሼ እንዳሉኝ፣ ተራዬን ጠብቄ ተናገርኩ። አቋሜ አልተለወጠም፤ በዚህ ጊዜ ግን የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው። ያጨበጨበ የለም። ከዚያ «እኔ ያልኩትን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ዜሮ ያገኛል» ብዬ እንደገና አስጻፍኳቸው።

እሷ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። የሞተሩ ድምፅ ሌሊት ሲቋረጥ አባቷ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ፣ የእሷ ደብተርና የወንድሟ ጫማ ከየትኛው ቆረጣ እንደተገዛ፣ አባቷም «በሚመጣው ዓመት ነቅዬ እጥለዋለሁ» እንደሚል፤ በየዓመቱ እንደሚል። ስለሚረጨው መድኃኒት ግን አንድ ቃል የለም። ሰባት ሰጠኋት።